የመኪናዋ የውሃ ዕቃ

ሰውየው ከራሱ ጋር የተወራረደው ጠዋት ፊቱን ሲታጠብ ነው። የመኪናዋን የውሃ ዕቃ ማንም ሳይረዳው በገዛ እጁ ከቀየረ ነገ መሪ ይጨብጣል፤ ካቃተው ቁልፉን ያስረክባል። ውርርዱን የሰማ ምስክር አልነበረም። ከሳሹም እሱ፣ ተከሳሹም እሱ፣ ዳኛውም እሱ። እንዲህ ያለ ችሎት ለማን እንደሚፈርድ ደግሞ ከመጀመሪያው የታወቀ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ ዓይኑ ከድቶታል። ዳር ዳሩ ይታየዋል። ፊት ለፊቱ ያለው ነገር ግን ትንፋሽ እንዳረፈበት መስታወት ይደበዝዛል። ሰው ሲያነጋግረው ሁለቱ ጆሮዎች ይታዩታል፤ አፍንጫው ወዴት እንደሄደ አያውቅም። ጋዜጣ ማንበብ ያቆመው «የሚጻፈው ሁሉ አንድ ነው» ብሎ ነው። ቴሌቪዥን የተወው «ጩኸት በዛበት» ብሎ ነው። መነጽሩን ደግሞ በየቀኑ ይወቅሳል፤ ተጭሯል፣ ደብዝዟል፣ የሠራው ሰው አይረባም። እውነቱን ግን ሆድ ይፍጀው ብሎ ይዞታል። ሐኪም ዘንድም ዝር አላለም።

አይፈረድበትም እንዳልል ይፈረድበታል፤ ግን ምክንያቱን ስሙለት። ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ነድቷል። ፍሬን ሲይዝ ቆሞ የሚሄድ ተሳፋሪ እንኳ አይወዛወዝም ነበርና ባልደረቦቹ «ለስላሳው» የሚል ስም አወጡለት። አንድ ተሳፋሪ ክዳኑ የተከፈተ ጠርሙስ ይዞ ከመነሻ እስከ መድረሻ ቆሞ ሲሄድ ጠብታ አልፈሰሰበትም ይባላል፤ ወሬ ሲያድር ስለሚፋፋ ግማሹን ብቻ እመኑ። ጡረታ ከወጣ በኋላም ስሙ አልለቀቀውም። የሰፈሩ ሰው ጥንት እናቱ ያወጣችለትን ስም ከነጭራሹ ረስቶታል። ታዲያ ለስላሳው መሪ ካልያዘ ምኑ ነው ለስላሳው? እንቅልፍ የምትነሳው ይህች ጥያቄ ናት።

ነገ ደግሞ እንደ ሌላው ቀን አይደለም። የእሱና የሚስቱ አንዲት ልጅ ከተራራው ማዶ ባለ ከተማ የመጀመሪያ ልጇን ወልዳለች። ለስላሳው በስልክ «አያትህ ራሱ እየነዳ ይመጣልሃል በይው» ብሏታል። መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፤ በአንድ በኩል ገደል፣ በሌላ በኩል ከባድ መኪና። ቢሆንም ቃል ተገብቷል፣ ሻንጣ ታስሯል። በመሃል መኪናዋ ትላንት ጨሰች።

ከገበያ እየተመለሱ ነበር። ሚስቱ «ኧረ ሞቀኝ! ታፈንኩ! ዳር ያዝልኝ» ብላ ስለ ጮኸችበት እያጉረመረመ አቆመ። ወርዶ ኮፈኑን ሲከፍት እንፋሎቱ ፊቱን ሸፈነው። የሰፈሩ መካኒክ መጥቶ ጎንበስ ብሎ አየና «ጋሼ፣ ዕድለኛ ነዎት» አለው። «ትንሽ ቢቆዩ ሞተሩን እናወርደው ነበር። የተሰነጠቀው የውሃ ዕቃው ነው።»

የውሃ ዕቃ የሚባለው ከሞተሩ ጎን የምትቀመጥ የፕላስቲክ ዕቃ ናት። ሞተር ማቀዝቀዣው ውሃ ሲሞቅ ያብጣል፤ የተረፈውን እሷ ተቀብላ ታቆያለች፣ ሲቀዘቅዝ ትመልሳለች። እንደ ደግ ዘመድ ናት ማለት ነው። የነሱ መኪና ከልጃቸው እኩል ያደገች አሮጊት ስለሆነች ዕቃዋም አርጅታ የሻይ ቀለም ይዛለች፤ ስፌቷ ላይ ከተሰነጠቀች በኋላ ማጣበቂያም አልያዘላትም።

«ነገ ጠዋት ብቅ ብዬ ልቀይርልዎት» አለ መካኒኩ።

«ለዚች? እኔው እቀይራታለሁ።»

«እርስዎ ከሚደክሙ…»

«አንተ ሳትወለድ ነው እኮ አውቶቡስ የፈታሁት!»

መካኒኩ ሳቀና ሄደ። አዲሱን ዕቃ ገዝታ ያመጣችው ሚስቱ ናት። ለስላሳው መለዋወጫ መደብር ድረስ መሄድ ጉልበቱን እንደሚያመው ተናገረ። ጉልበቱ ደህና ነው፤ እዚያ ሄዶ የዕቃ ቁጥር አንብብ እንዳይባል ነው የፈራው።

ስለ ሚስቱ ደግሞ ትንሽ ላውራ። ልብስ ሰፊ ናት። እስከ ዛሬ መርፌ ውስጥ ክር ስትከት ሁለት ጊዜ አትሞክርም። ድሮ መኪና ውስጥ ከገባች ማርሽ ሳይገባ እንቅልፍ ይወስዳት ነበር፤ «አንቺን ጭኖ መሄድና ጆንያ ጭኖ መሄድ አንድ ነው» እያለ ይስቅባት ነበር። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ምን እንደነካት አይታወቅም፣ ምላሷ ተፈታ። መኪናዋ ከተነሳች እስክትቆም ታወራለች። «ይሄ መብራት ደግሞ ጠላታችን ነው፣ እኛን ሲያይ ነው የሚቀላው!» ትላለች። «አየኸው ያን ቢስክሌተኛ፣ እናቱን የሚያስለቅስ!» ትላለች። «ይቺ ሚኒባስ ደግሞ መሃል መንገድ ላይ ልትተኛ ነው እንዴ?» ትላለች። ለስላሳው፣ ሰው ሲያረጅ አንዱ ዝም እንደሚል፣ ሌላው እንደሚለፈልፍ ያውቃል፤ ለሷ ልፍለፋው ደርሷት እንደሆነ ገምቶ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሏታል። ጆሮው ግን አልታዘዘውም፤ ሳይወድ ይሰማታል።

እንግዲህ ሥራው ተጀመረ። መኪናዋ ግቢው ውስጥ ቆማለች። ሚስቱ በረንዳው ላይ በርጩማ አውጥታ የሕፃን ብርድ ልብስ ጠርዝ ትዘመዝማለች። ለስላሳው ኮፈኑን ከፍቶ በዘንጉ ደገፈውና ሞተሩን በመዳፉ ዳበሰ። ቀዝቅዟል። ሞተር ትኩስ ሳለ ይህን ክዳን መክፈት ፊትን ለፍል ውሃ ማቅረብ ነው፤ አንድ የሥራ ባልደረባው አገጩ ላይ ይህንኑ ጠባሳ ይዞ ጡረታ ወጥቷል። ክዳኑን ቀስ ብሎ አላላው። የቀረች ትንፋሽ እስስ ብላ ወጣች።

ከስር ባልዲ አኖረ። ከዕቃዋ ሁለት ቱቦዎች ይነሳሉ፤ ከላይ ቀጭን፣ ከታች ወፍራም። ሁለቱም አንገታቸው ላይ የብረት ማሰሪያ አላቸው። ማሰሪያውን በፒንሳ ጨምቆ ወደ ኋላ ማሸሽ ነው። ቀጭኑ ቱቦ እሺ ብሎ ወጣ። ወፍራሙ ግን ከዘመን ብዛት ከፕላስቲኩ ጋር ተጋብቶ አልፋታም አለ። የቸኮለ ሰው እዚህ ላይ ይጎትታል፤ ሲጎትት ወይ ቱቦው ይቀደዳል፣ ወይ እጁ ከሞተሩ ጋር ይላተማል። ለስላሳው አልጎተተም። በሙቅ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ጠመጠመበትና ቆመ። ከዚያ ትንሽ ወደ ቀኝ ጠምዘዝ፣ ትንሽ ወደ ግራ ጠምዘዝ፣ ደግሞ ወደ ቀኝ። ቱቦው ለቀቀ፣ የቀረው ውሃ ባልዲው ውስጥ ተንዶቀዶቀ። እጁ ሲሠራ ዓይኑ ምንም አልተጠየቀም። ደስ አለው። ደስታው ፊቱ ላይ እስኪታይ ድረስ ደስ አለው።

ዕቃዋን ከመኪናዋ ጎን ያጣበቋት ሁለት ብሎኖች ናቸው። አንዱን ፈትቶ ኪሱ ከተተ። ሁለተኛው ተፈትቶ ሲያበቃ ከጣቱ አመለጠ። አንዴ ብረት ላይ ቅጭል አለ፣ ከዚያ ጠፋ።

ለስላሳው ደነገጠ። ተንበረከከና ሲሚንቶውን በመዳፉ ጠረገ፤ ከጎማው ስር፣ ከባልዲው ጎን፣ ከግድግዳው ጥግ። የለም። አንድ ብሎን ናት፤ ግን ውርርዱ የተንጠለጠለው በሷ ላይ ነው። ብሎን ወድቆበት ያላገኘ ሰው መንገድ ላይ የወደቀ ነገር ያያል?

«አንተ ሰው፣ ፀሐይ ላይ ነው የዋልከው፤ ውሃ እንኳ ጠጣ» ብላ ሚስቱ ብርጭቆ ይዛ መጣች። ከተንበረከከበት ሳይነሳ ጠጣ። ምን እንደሚፈልግ አልጠየቀችውም፣ እሱም አልነገራትም። ብርጭቆዋን ይዛ ተመለሰች። እሱም ተስፋ ቆርጦ ለመነሳት የመኪናዋን ጠርዝ ሲደገፍ መዳፉ ስር አንድ ነገር ቆረቆረው፤ ብሎኑ! «ለካ እዚህ አኑሬው ኖሯል» አለና ለብቻው ሳቀ። የወደቀው ሌላ ነገር መሆን አለበት። እጁ አይረሳም፣ እጁ ብልህ ነው። ሰው መስማት የሚፈልገውን ለራሱ ሲነግር እንዴት ደስ የሚል አንደበት አለው!

አዲሷ ዕቃ ወተት የመሰለች ነጭ ናት። ቦታዋ ላይ ቁጭ አለች፣ ብሎኖቹ ቀዳዳቸውን አገኙ። ወፍራሙን ቱቦ ሲያስገባ በአውራ ጣቱ ዙሪያውን ዳሰሰ፤ የዕቃዋ አፍ ጫፍ ላይ ያለችውን ከንፈር ማለፍ አለበት፣ ማሰሪያውም ከከንፈሯ ኋላ ነው የሚቀመጠው። ከፊት ከተቀመጠ መንገድ ላይ ሞቅ ሲል ይተፋል። ቀጭኑንም እንደዚሁ አደረገ። ሁለቱንም ሳብ ሳብ አድርጎ ፈተሸ። ማንም መካኒክ ከዚህ የተሻለ አይሠራውም፤ ይህን የምለው ላወድሰው ብዬ አይደለም፣ እውነት ስለሆነ ነው።

የቀረው ውሃ መሙላት ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። በአውቶቡሶቹ ጋራዥ ሁሉም ሹፌር ጠዋት ጠዋት የመኪናውን ውሃ ያያል ይባላል እንጂ የሚያይ ማንም አልነበረም። ዕቃዎቹ ሁሉ አርጅተው ስለ ጠቆሩ ውስጣቸው አይታይም፤ ሹፌሩ ክዳኑን ከፍቶ ሌባ ጣቱን ይሰዳል። ጣቱ እስከ አንጓው ከረጠበ ሞልቷል፣ ጫፉ ብቻ ከረጠበ ጎድሏል። ለስላሳውም በገዛ መኪናው ዘመኑን ሙሉ ያደረገው ይህንኑ ነው። ዓይኑ ከከዳው በኋላ የመኪናዋ ውሃ አንድ ቀን ጎድሎ ያላወቀው በዚሁ ጣቱ ነው።

ውሃውንና ማቀዝቀዣ ፈሳሹን በማሰሮ ቀላቅሎ ትንሽ ጨመረና ጣቱን ሰደደ። ጣቱ አልገባም። የአዲሷ ዕቃ አንገት ጠባብ ነው፣ መሃሉ ላይም ፕላስቲኩ በመስቀል ተጋርዷል። በትንሿ ጣቱ ሞከረ። እሷም አንጓዋ ላይ ቆመች። ሌላ ፋብሪካ የሠራት ናት፤ ፋብሪካው ሰው በዓይኑ ያያል ብሎ ነው የሠራት። ሆዷ ላይ ሁለት መስመሮች አሉ፤ አንዱ የማነሱ፣ አንዱ የመብዛቱ። መስመሮቹን በጣቱ ሲዳብሳቸው ጉብ ጉብ ብለው ይሰሙታል። ውሃው ግን ከውስጥ ነው።

አንገቱን ወደ ጎን አዘንብሎ በዓይኑ ዳር ሊያያት ሞከረ። ነጭ ነገር አየ። ነጩ ውስጥ ውሃ ይኑር አይኑር ፈጣሪ ይወቅ። በድምፁ እለየዋለሁ ብሎ ጆሮውን አቀረበና ማሰሮውን አዘነበለ። ውሃው ይወርዳል። ድምፁ እየቀጠነ ሄደ። ልብሱ ጀርባው ላይ ተጣበቀ። ትንሽ ይጨምር? ያቁም? ከጎደለ ተራራው ላይ ሞተሩ ይሞቃል። ከበዛ ሲያብጥ ክዳኑን ፈንቅሎ ይወጣል።

«ወይ ይቺ ዕቃ ደግሞ!» አለች ሚስቱ ከበርጩማዋ፣ ለራሷ እንደምታጉረመርም። «ገና ከመምጣቷ ጠግባ እስከ ላይኛው መስመር ልትሞላ ነው እንዴ?»

እጁ ቆመ። ሳያስብ ነው የቆመው፤ እግሩ ፍሬን ላይ እንደሚቆም። ማሰሮውን ቀና አደረገ። ውሃው ልክ ነበር።

ከዚያ ድምፁ ዘልቆ ገባው። ይህን ድምፅ ያውቀዋል። ይህ ሚስቱ ከሰው ጋር ስታወራ የምታወጣው ድምፅ አይደለም፣ ለብቻዋ ስትሆንም የምታወጣው አይደለም። መኪና ውስጥ ብቻ የምታወጣው ድምፅ ነው። መብራቱ እኛን ሲያይ ነው የሚቀላው። ያ ቢስክሌተኛ። ያቺ ሚኒባስ። ኧረ ሞቀኝ፣ ዳር ያዝልኝ። ሞቋት አልነበረም፤ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የሙቀት መለኪያ ሲወጣ አይታ ነው። ብሎኑም ወድቆ ነበር። ውሃ ይዛ የመጣችው ውሃ ጠምቶት አልነበረም።

ለስላሳው ማሰሮውን መሬት ላይ አኖረ። እጁን ጨርቅ ላይ ጠረገ፣ ደግሞ ጠረገ፣ ንጹሕ እጁን ደጋግሞ ጠረገ። ማንም ሳይረዳኝ ብሎ ነበር የተወራረደው። አፈረ። እፍረቱ ሲያልፍ ደግሞ ፍርሃት መጣ። ዓመት ሙሉ ሲነዳ የከረመው ማነው?

«ነይ እስቲ» አላት። «አየር እስኪወጣላት ሞተሩ መሥራት አለበት። ነይ አብረሽኝ ተቀመጪ።»

ክዳኑን ሳይገጥም ትቶ ገባ። እሷም ብርድ ልብሱን አጣጥፋ ከጎኑ ገባች። ሞተሩን አስነሳ። የአሮጊቷ ድምፅ ደህና ነው፤ ይህን ለማወቅ ዓይን አያስፈልግም። ማራገቢያው በራሱ እስኪነሳ መጠበቅ ነው። ሁለቱም ፊት ለፊታቸው ያለውን የግቢ ግድግዳ ያያሉ፤ እሷ ድንጋዩን ታያለች፣ እሱ ጭጋጉን።

«መለኪያው የት ደረሰ?» ብሎ ጠየቃት።

ሚስቱ ዞር ብላ አየችው። በትዳር ዘመናቸው ይህን ጠይቋት አያውቅም።

«ከመሃል በታች ነው» አለች ቀስ ብላ። መኪና ውስጥ የምታወጣው ድምፅ አልነበረም፤ የራሷ ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?»

«ምኑን?»

«ኧረ አንቺ ሴት፣ አሁን እንኳ አትደብቂኝ።»

ብርድ ልብሱን ጭኗ ላይ አመቻቸች። «እህትህ በር ላይ ቆማ፣ ‹ማንን ፈልገው ነው?› ያልካት ዕለት ነው።»

«ቀልዴን ነው አልኳት እኮ።»

«አልካት። እሷ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።»

ሞተሩ ያጉረመርማል።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ፈራኋ!» አለች፤ ዓመት የታፈነ ነገር ስለሆነ ድምፅዋ ከሷም አመለጠ። «አባቴ ከሥራ ወጥቶ ቤት ሲቀመጥ ግድግዳ ሲያይ ሲያይ ነው የሞተው። መሪውን ሲቀሙህ እንዳትሞትብኝ ብዬ ፈራሁ። እና አንተ ያዘው፣ እኔ ልይልህ አልኩ። ሁለታችን አንድ ሹፌር እንሆናለን ብዬ። ሞኝነት ነው። አውቃለሁ ሞኝነት ነው።»

«የኔ ይብሳል።»

«ነገን ሳስብ ግን ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም። የከተማውን መንገድ በቃሌ ነው የማውቀው፤ መብራቱ የት ነው፣ ተማሪ የሚያቋርጠው የት ነው። የዚያን ተራራ መታጠፊያ ግን አላውቀውም። አፌ ቢዘገይስ? አንዴ ብቻ ቢዘገይስ? ዛሬ ይቺ ዕቃ አልገጥም ብትል ብዬ ስጸልይ ነበር።»

«ታዲያ ብሎኑን ለምን አነሳሽልኝ?»

«ስትዳብስ ማየት አቃተኝ።»

ለስላሳው እጁን ዘረጋና እጇን አገኘ። መርፌ ያሻከረው ጣቷ ቀዝቅዟል። ሳቁ ሊመጣ ነበር፤ ሁለት ሽማግሌዎች እርስ በርስ ሲደባበቁ መክረማቸው ያስቃል እኮ። ሚስቱ ግን አልጨረሰችም ነበር።

«አንድ ያልነገርኩህ ነገር አለ» አለች። «ገበያው ጋ፣ ቦርሳዬን ረሳሁ ብዬ የጮህኩብህ ዕለት።»

«ቦርሳው ጭንሽ ላይ ነበር!» ያን ቀን ያስታውሰዋል። እንደዚያ ድንገት ፍሬን ይዞ አያውቅም። አረጀሽ ብሎ ሲስቅባት ከርሟል፤ ለጎረቤትም አውርቶታል።

«ጭኔ ላይ ነበር። ሌላ ቃል አልመጣልኝም። ፊት ለፊትህ ሴትዮ ነበረች። ነጩ መስመር ላይ፣ እያቋረጠች። ልጅ አዝላለች።»

ሞተሩ መሥራቱን ቀጥሏል። ለስላሳው እጁን ከእጇ ላይ አነሳ፤ መሪውን ሊይዝ ነበር፣ አልያዘውም።

«ሰው ነበር?»

«ነበረች።»

«ምን ያህል ሩቅ?»

«አጠገባችን። ኮፈኑን በእጇ መንካት ትችል ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ቆምክ። በቀስታ አለፈች። ስላሳለፍካት እጇን አንስታ አመሰገነችህ።» ሚስቱ ዓይኗን በብርድ ልብሱ ጠርዝ ጠረገች። «አንተ ደግሞ እኔን እያየህ ‹ቦርሳሽ ይኸው!› ትለኝ ነበር።»

ከፊት ማራገቢያው በራሱ ተነሳ፤ አየሩ ወጥቷል ማለት ነው። ዕቃዋ አታፈስም፣ ቱቦዎቹ ደርቀዋል፣ ሥራው እንከን የለውም። ለስላሳው ሞተሩን አጠፋ። ማራገቢያው ትንሽ ዞሮ ቆመ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ እሱ የያዘው ወረቀት እንኳ አልነበረም።

የሚስቱ ስልክ ጮኸ። ልጃቸው ናት። ሚስቱ ድምፁን ከፍ አድርጋ ያዘችው።

«እማዬ፣ ነገ ስንት ሰዓት ትነሳላችሁ? አባዬን ተራራው ላይ እንዳይፈጥን ንገሪው።»

ሚስቱ አፏን ከፈተች። ውሸቱ ምላሷ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ልማዷ ነው። ለስላሳው ስልኩን ከእጇ ወሰደ።

«በአውቶቡስ ነው የምንመጣው ልጄ።»

«መኪናዋ አልተሠራችም እንዴ?»

«መኪናዋ ድናለች። የታመምኩት እኔ ነኝ። ዓይኔ አያይም።»

ከወዲያ በኩል የሕፃን ልቅሶ ትንሽ ተሰማና ቆመ።

«አያይም ማለት?»

«መሃሉ ጠፍቷል። ዳር ዳሩ ነው የቀረኝ።»

«ሐኪምስ ምን አለህ?»

«አልሄድኩም።»

«ለምን አባዬ?»

«እንዳያውቅብኝ ነዋ!»

ልጅቷ ሳቀች። ሳቋ መሃል ላይ ተሰበረና ለቅሶ ሆነ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያልክ ያሳደግኸኝ አንተ እኮ ነህ» አለች እያነባች። «ና ብቻ። በእግርህም ቢሆን ና። እዚህ አብረን ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን፤ የሚድን ይሁን አይሁን እንወቀው።»

«እሺ» አላት። ለሷ እሺ ሲላት ቀላል ሆኖ አገኘው፤ ይህን ቀላል ነገር ነው ዓመት ሙሉ ተሸክሞ የከረመው።

ስልኩ ተዘጋ። ሚስቱ በረጅሙ ተነፈሰች፣ የትኬቱን ነገር፣ የሻንጣውን ነገር ማውራት ጀመረች፤ አውቶቡስ ላይ መስኮት በኩል እንደምታስቀምጠው፣ ሻንጣው ትንሽ መቅለል እንዳለበት። እሱ አይሰማትም ነበር። ቁልፉን ነቅሎ ይዟል፣ ግን የት እንደሚያደርገው አላወቀም።

«የዚያች ሴትዮ ልጅ» አለ በመጨረሻ። «የታዘለው። ምን ያህል ነበር?»

ሚስቱ ወሬዋን አቆመች። «ጨቅላ ነው። አንገቱ እንኳ ገና አልጸናም።»

«ይህ የሆነው መቼ ነው?»

«ባለፈው ክረምት መግቢያ።»

ለስላሳው በልቡ ቆጠረ። ክረምቱ አልፏል፣ በጋው አልፏል፣ ሌላ ክረምት መጥቷል። ቁልፉን ሚስቱ ጭን ላይ፣ ብርድ ልብሱ ላይ አኖረው።

«እንግዲያስ ይኼኔ ቆሞ መሄድ ጀምሯል» አለ።

«ጀምሯል» አለች።